ዝምተኛው ሲኳኳል

«እንዴት ያለ ነፋስ ነው የዛሬው እባክሽ! መስኮቱን ባልዘጋው ኖሮ ዱቄቴን በሙሉ በትኖልኝ ነበር። መነጽር ቀየርሽ እንዴ? አማረብሽ፤ ፊትሽን ሰብሰብ አደረገው። ልጅሽስ፣ ሳሏ ተሻላት? … ተይ፣ ተይ፣ አትመልሺልኝ! ስፒል በአፍ ይዞ ወሬ የለም። እኔው እጠይቃለሁ፣ እኔው እመልሳለሁ፤ ምን ቸገረኝ።»

ሜካፕ ሠሪዋ ይህን ሁሉ የምታወራው ለልብስ ሰፊዋ ነው። ልብስ ሰፊዋ ወለሉ ላይ ተንበርክካ የአንድ ጥቁር ሱሪ እግር እያሳጠረች ነበር፤ ስፒሎቿን እንደ ልማዷ በከንፈሯ ነክሳ ስለያዘች ከ«እህም» የዘለለ መልስ አልነበራትም። የሱሪው ባለቤት ደግሞ ሱሪውን እንደለበሰ መስተዋቱ ፊት ወንበር ላይ ጋደል ብሎ፣ ነጭ ጨርቅ እስከ አገጩ ለብሶ፣ ዐይኑን ጨፍኖ ፊቱን አስረክቧል። የሚኳኳል ሰው አይናገርም፤ ፊት ከተንቀሳቀሰ ቀለሙ ይበላሻል። ስለዚህ በዚያች ጠባብ ክፍል ካሉት ሦስት ሰዎች መናገር የምትችለው አንዷ ብቻ ነበረች። እሷ ደግሞ መናገር ታውቅበታለች።

ሰውየው ስመ ጥር የፊልም ተዋናይ ነው። አገሩ ሁሉ «ዝምተኛው» ይለዋል። በፊልም ላይ ሲናገር ያ ወፍራም፣ ረጋ ያለ ድምፁ የሰው አንጀት ይበላል፤ ከፊልም ውጭ ግን ቃል ከአፉ ሲወጣ የሰማ የለም። ጋዜጠኛ ማይክ ሲያስጠጋለት መዳፉን ደረቱ ላይ ያደርግና አንገቱን ይደፋል። «ትሕትናው እኮ!» ይላል ሰው። ትሕትና እንኳ አይደለም። የዝምተኛው የገዛ ድምፁ ቀጭን ነው፤ ዘይት ያልነካው የበር ማጠፊያ ነው የሚመስለው። በፊልም ሠሪዎቹ ዘንድ መጀመሪያ የሚቀረጸው ምስሉ ብቻ ነው፤ ድምፁ በኋላ ስቱዲዮ ተገብቶ ይጨመርበታል። ታዲያ ከመጀመሪያው ፊልም አንሥቶ እስከ መጨረሻው ድረስ፣ ከዝምተኛው ከንፈር ጋር እያገጣጠመ የተናገረለት ሌላ ሰው ነበር። የፊልም ሠራተኞቹ «ባለድምፁ» ይሉታል፤ ከእነሱ ውጭ ግን ስለ እሱ የሚያውቅ የለም፤ ስሙም በፊልሙ መጨረሻ ላይ አይወጣም። ባለድምፁ የሜካፕ ሠሪዋ ባል ነው።

በቅርቡ ባለድምፁ ጉሮሮውን ታመመ። ቀዶ ሕክምናው ነፍሱን አተረፈለት፤ ድምፁን ግን ወሰደበት።

ዛሬ የፊልም አፍቃሪዎች ማኅበር ዝምተኛውን ሊሸልም አዳራሹን ሞልቶ ይጠብቃል። የማኅበሩ ደንብ ደግሞ ተሸላሚው መድረክ ላይ ወጥቶ ጥቂት ቃል እንዲናገር ያዛል። ዝምተኛው ለዚህም መላ አላጣም፤ ወፍራም የአንገት ልብስ ጠምጥሞ መጣ። ጉሮሮውን ነካ፣ ራሱን ነቅነቅ አድርጎ «አሞኛል» በሚል ምልክት ሊያልፍ ነው። ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ከኋላው የምትመጣውን ሴት በመስተዋቱ እስኪያይ ድረስ በዘዴው እጅግ ተደስቶ ነበር። ባሏን ስለምታስታምም ዛሬ ሥራ አትገባም ብለውት ነበርና።

«ይህን የአንገት ልብስ ልቀበልዎ ጌታዬ፤ ዱቄት እንዳይነካው» ብላ ፈታችና መንጠቆው ላይ ሰቀለችው። ድሮ «አንተ» ነበር የምትለው። ቤቷ ገብቶ ራት በልቶ፣ ከባለድምፁ ጋር ሲሳሳቁ ሲያመሹ፣ «አንተ ቀጫጫ፣ ድገም እንጂ!» እያለች ሳህኑን ትሞላለት ነበር። ዛሬ «እርስዎ» ሆነ። ዝምተኛው ይህችን «እርስዎ» በሆዱ ነው የሰማት።

«መቼም ለፊልም ያለኝን ፍቅር ታውቂዋለሽ፣ እታለም» ስትል ስፖንጇን ዱቄቱ ውስጥ ነከረች። «እናቴ ‹ዐይንሽ ይጠፋል› እያለች፣ ፊት ረድፍ ላይ አንገቴ እስኪደርቅ ተንጋጥጬ ነው ያደግሁት። የድሮዎቹ… ኧረ የድሮዎቹ! ያን ባለቆቡን ታስታውሽዋለሽ? ሰው ሲሞትበት አያለቅስም እኮ። ቆቡን ያወልቅና የሚያስቀምጥበት ያጣል። ጠረጴዛው ላይ ሊያኖረው ይልና ይተወዋል፣ ወንበሩ ላይ ሊያኖረው ይልና ይተወዋል… እኛ ታች እንባ በእንባ ሆነናል። ያቺ ረጅሟስ? ‹ደኅና ነኝ› ስትል ደኅና እንዳልሆነች የምታውቂላት? ሁለት ቃል ናት! ለዛሬዎቹ ገጽ ሙሉ ንግግር ሰጥተሻቸው ያቺን የሚያህል አይወጣቸውም።

«ያ ደግሞ ሁልጊዜ ክፉ ሰው የሚሆነው… በፊልሙ ሁሉ ነፍሰ ገዳይ፣ ቀማኛ፣ ቤት አፍራሽ። ልጆች መንገድ ላይ ሲያዩት ይሸሹት ነበር። ታዲያ ከሥራ ሲወጣ ምን ያደርጋል አሉ? የታመመ ባልደረባ ካለ ቤቱ ሄዶ ልብሱን ያጥብለታል! በገዛ እጁ! እኔ ሲነግሩኝ አዘንኩለት። በፊልም ክፉ፣ ከፊልም ውጭ ደግ ሆኖ ምን ተረፈው? ደግነቱን እዚያው መብራት ያለበት ቦታ ቢያደርገው አይሻለውም ነበር? ማን አየለት! አንዳንዱ ብልህ ግን… በፊልም መልአክ ይሆንና ሲወጣ ያርፋል። ሰው መቼም ማረፍ አለበት።»

«እህም» አለች ልብስ ሰፊዋ።

«ጎባጣው ሽማግሌስ? የታመመ ሰው ሆነህ ተጫወት ቢሉት፣ ሆስፒታል ሄዶ በሽተኞቹ መሐል ወንበር ይዞ ተቀመጠ። እንዴት እንደሚተነፍሱ፣ ውኃ ሲውጡ ትከሻቸው እንዴት ከፍ እንደሚል ሲያጠና ከረመ። በሄደ ቁጥር ብርቱካን ይዞላቸው… ፊልሙ አልቆም መመላለሱን አልተወም አሉ። ሞኝነት አይደለም? ያ ሁሉ ድካም ለምን? የዛሬ ሰው ነቅቷል፤ አንገቱ ላይ ጨርቅ ጠምጠም ካደረገ፣ ታመመ ነው። ሐኪም የለ፣ መርፌ የለ፣ ብርቱካን የለ… ሥልጣኔ ማለት ይኼ አይደል?»

ዝምተኛው ጉሮሮውን በላው። እጁን ከጨርቁ ሥር ሊያወጣ ሲል ሜካፕ ሠሪዋ መልሳ ሸፈነችው። «እጅዎን ታች ያድርጉልኝ ጌታዬ፤ አንገትዎንም ልቀባ ነው» አለችው በማር አንደበት፤ ከዚያ ወደ ወሬዋ ተመለሰች።

«አይ፣ አዲሶቹንም አልንቅም። ያቺ ፀጉሯን የተላጨችው ልጅ ጀርባዋን ሰጥታ ሳህን ስታጥብ አላየሻትም? ፊቷን ሳላይ ባሏ ጥሏት እንደሄደ ገባኝ። በጀርባ እኮ ነው! ኮልታፋው ልጅስ? ‹ሌላ ሰው ይናገርልህ› ሲሉት እምቢ አለ አሉ። ‹ኮልታፋ አያፈቅርም ያለው ማነው?› ብሎ በገዛ አፉ ገባበት። ሰው መጀመሪያ ሳቀ፣ ቀጥሎ ዝም አለ፣ ቀጥሎ አለቀሰ። አሁንማ የሰፈሩ ጎረምሳ ሁሉ ኮልታፋ ሆኖልሻል! … ልጅ ስለሆነ ነው፤ ገና አልበሰለም። ‹የሰው ወርቅ አያደምቅ› ሲባል ሰምቶ እውነት መሰለው። ተረቱን ያወጣው ሰው ሲኒማ ቤት ገብቶ አያውቅማ! አያደምቅም? ኧረ እንዴት አድርጎ ነው የሚያደምቀው!»

ዝምተኛው ዐይኑን ሊገልጥ ሞከረ። የቀለሙ ብሩሽ የዐይኑ ቆብ ላይ አረፈና መልሶ ዘጋው። በጨለማው ውስጥ ሆኖ ተራው መድረሱን አወቀ፤ የሰው ስም ሳይጠራ ሲዘገይ መጨረሻው ምን እንደሆነ ይገባዋል፤ ስንት ፊልም ሠርቷል።

«ከድሮም ከአዲስም ግን አንድ ሰውዬ አለ እኔ የምሞትለት። ስሙን አልነግርሽም፤ ምን ያደርግልሻል። ‹ዝምታ ወርቅ ነው› ሲባል ሰምቶ ወርቁን ሰብስቦ፣ ሰብስቦ… ይባርክለት። ‹ከአፍ የወጣ አፋፍ› ይሉ የለ? ከማን አፍ እንደወጣ ግን ማን ይጠይቃል? የሚታየው አፋፉ ላይ የቆመው ነው። ያን ጎርናና አባት የሆነበትን ፊልም ታስታውሽዋለሽ? ያን ሰሞን የኛ ቤት ጉንፋን ገብቶበት ነበር። ባሌ ትኩሳት ይዞት፣ አፍንጫው ተደፍኖ፣ ‹ሥራ አይቆምም› ብሎ ሄደ፤ ድምፁን እንደጎረነነ ሰጣቸው። ሃያሲዎቹ ምን ብለው ጻፉ? ‹ኀዘን ጉሮሮውን የዘጋበት አባት!› ይኸው ነው። ያ የምልሽ ሰውዬ ታዲያ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ወር ሙሉ በሄደበት ያስል ጀመር! መሐረብ ይዞ፣ ኧህ፣ ኧህ… የኛን ቤት ጉንፋን! ባሌ ሲነግሩት በሳቅ ሊሞት። ‹ተዪው፣ ሚናውን ይዞ ነው› አለኝ። ለሰው እንዲህ ነው እሱ፤ ክፋት አይታየውም።»

ልብስ ሰፊዋ በአፍንጫዋ ሳቀችና አንድ ስፒል ጣለች።

«ቀስ! እንዳትውጪው፣ እኔ ላይ ይላከካል። … እንደ እሱ የሚያስታምም ደግሞ አላየሁም። በፊልም ማለቴ ነው። ያችን ቦታ ታውቂያት የለ? ጓደኛው አልጋ ላይ ተኝቶ፣ እጁን ይዞ፣ ‹አንተ ከዚህ አልጋ እስክትነሣ እኔ ከዚህ ወንበር አልነሣም› የሚለው። አዳራሽ ሙሉ ሰው ነው ያነፋረቀው! ባሌ ያችን ቃል ሳምንት ሙሉ እየተከተለኝ ተለማምዷታል፤ ሽንኩርት ስከትፍ እንኳ ‹እንዲህ ልበላት ወይስ እንዲህ?› እያለ። በኋላ እሱ ራሱ አልጋ ላይ ሲወድቅ፣ ወንበሩ ከጎኑ ነበር። ባዶ እንዳይሆን እኔ ተቀመጥኩበት። … አይ፣ አልቀየምም! ሰው ሥራ አለው። ‹ወዳጅ በችግር ቀን ይታወቃል› ይባላል፤ እሱ ግን ትሑት አይደል? መታወቅ አይወድማ! የሆስፒታል ሽታም አይስማማውም አሉ። በፊልሙ እንዴት ቻለው ብለሽ እንዳትጠይቂኝ፤ ፊልም መቼ ይሸታል! አበባ ግን ልኳል። ይህን የሚያህል አበባ! ነርሷ ‹ለሚታፈን ሰው አበባ አይገባም› ብላ መለሰችው እንጂ።»

ዝምተኛው አንድ ቀን እስከ ሆስፒታሉ በር ድረስ ሄዶ ነበር። መኪናው ውስጥ ተቀምጦ፣ ገብቼ ምን እላለሁ ሲል አሰበ። ድምፁን ላጣ ሰው በዚያ ቀጭን ድምፅ ምን ይባላል? ፈራ፤ መኪናውን አዙሮ ተመለሰ። ይህን ማንም አያውቅለትም፤ ቢታወቅለትም የሚያስመሰግነው ነገር አይደለም።

«ባለፈው ሳምንት ደግሞ እንግዳ መጣልን» አለች ሜካፕ ሠሪዋ፤ አሁን ቅንድቡን በቀጭን ብሩሽ እያበጠረች ነው። «አንድ ጨዋ ልጅ፤ የአንድ ትልቅ ሰው ጉዳይ አስፈጻሚ። መቅረጫ ይዟል። ‹አጭር የምስጋና ንግግር ናት፤ ጋሼ እንደምንም ብለው ይቅረጹልን። ከመጋረጃው ጀርባ እናሰማታለን፤ መድረኩ ላይ ከንፈር ማንቀሳቀሱ የእኛ ፋንታ ነው› አለ። እኔ ሳቄ መጣ። ባሌ እንዴት እንደሆነ ታውቂያለሽ፤ ከጉሮሮው የሚወጣው ትንፋሽ ብቻ ነው። ያባርረዋል ስል… ተነሥቶ ሸሚዙን ቀየረ! ሥራ እንደሚሄድ ሰው። ተቀምጦ መናገር አይሆንለትም፤ ‹ድምፅ ከእግር ነው የሚነሣው› ይል የለም? ቆመ። ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ። ሞከረ… ነፋስ። ደግሞ ሞከረ… ነፋስ። ላቡ በአገጩ እየወረደ፣ እኔ ‹ይበቃል› እያልኩት…»

እጇ ቆመ። ድምፅዋም ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰበረ፤ ስትቀጥል ማሩ አልቆ ነበር።

«በመጨረሻ መቅረጫውን በገዛ እጁ አጠፋው። ከንፈሩን ብቻ አንቀሳቅሶ የተናገረውን እኔ ነኝ ለልጁ ያነበብኩለት። ‹ይቅርታ አድርግልኝ በለው› ነው ያለው። ሰማሽኝ፣ እታለም? ይቅርታ የጠየቀው የእኔ ባል ነው!»

ለዝምተኛው የደረሰው መልእክት «አልቻሉም» የሚል ብቻ ነበር። ሸሚዝ መቀየሩን፣ ግድግዳ ተደግፎ መቆሙን አልነገሩትም። ይቅርታውንም አላደረሱለትም። አፈረ። በእውነት አፈረ፤ ከተዘጋው ዐይኑ ጥግ አንዲት እንባ ወጥታ ዱቄቱን እያራሰች ወረደች።

«ኧረ እዪልኝ፣ እዪልኝ!» አለች ሜካፕ ሠሪዋ፤ ማሩ ተመለሰ። «ጠብታ የለ፣ ሽንኩርት የለ፣ ካሜራ እንኳ የለ! እንዲህ ያለውን ነው እኮ ተዋናይ የምልሽ። ‹ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው› የሚሉት ውሸታቸውን ነው መሰለኝ፤ አንዳንዱ ጆሮ ለባለቤቱ ይታዘዛል።» እንባውን በጥጥ አነሣችና፣ በላዩ ዱቄት ደርባ እንዳልነበረ አደረገችው።

ዝምተኛው አፉን ከፈተ። የሚናገረው ነገር ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር።

«አፍ አይከፈት ጌታዬ፤ ከንፈርዎ ላይ ነኝ።»

በሩ ተንኳኳና ከውጭ «ተዘጋጁ!» አሉ። ልብስ ሰፊዋ የመጨረሻውን ክር በመቀስ ቆረጠች። ሜካፕ ሠሪዋ ነጩን ጨርቅ ገፈፈችና አራገፈችው፤ ለልብስ ሰፊዋ የቀራትንም ወሬ እያጣጠፈች ጨረሰችላት።

«እኔማ ዛሬ ባልመጣሁም ነበር፤ ባሌ ነው ያመጣኝ። ፊት ረድፍ ላይ ተቀምጦልሻል። ግራጫውን ሱፍ ለብሶ፣ ሱፉ ሰፍቶት… ‹ደክሞሃል፣ ቅር› ብለው እምቢ አለኝ። ‹ሰው ሁሉ የእኔን ሲሰማ ኖረ፤ እኔ ደግሞ አንድ ቀን የእሱን ልስማ› አለኝ በከንፈሩ። ያችን ቀጭን ድምፅ እኮ ይወዳታል! ራት ላይ ሲያወጉ፣ ‹ይህን ድምፅ አምኖበት ቢያወጣው እኔን ማን ይፈልገኝ ነበር› ይል ነበር። ስሜ ይጠራልኝ ብሎ እንዳይመስልሽ! አለመጠራቱንማ ለምዶታል። ድምፁን ልስማ ነው ያለው፤ ሌላ አይደለም።»

ዝምተኛው ተነሣ። መስተዋቱ ውስጥ ያለው ሰው ያማረ፣ የተከበረ ሰው ነው። ከግድግዳው ማዶ አዳራሹ ይተማል። ከዚያ ሁሉ ሰው ፊት መናገር የሚጠበቅበት አንድ ስም ብቻ ነበር፤ ስሙን ደግሞ ከራሱ ስም እኩል ያውቀዋል። ቀጭን ድምፅም ቢሆን ለአንድ ስም አያንስም። ጥቂት ቆመ። ሜካፕ ሠሪዋ አሽሙሯን ሁሉ ትታ፣ እናገራለሁ ይል እንደሆን ፊቱን እያየች ጠበቀች። ልብስ ሰፊዋም ስፒሎቿን ከአፏ አውጥታ ቀና አለች።

እጁ ወደ መንጠቆው ሄደ። የአንገት ልብሱን አወረደና ጠመጠመው፤ ጫፉን ኮቱ ውስጥ ከተተ። ከዚያ ልምምድ መሆኑ ነው፣ ጉሮሮውን ነካ፣ ራሱን ነቅነቅ አደረገ።

ሜካፕ ሠሪዋ ቀረበችው። ኮሌታውን በመዳፏ ጠረገችለት፤ ፈገግ ብላ ዐይን ዐይኑን አየችው።

«እሰይ፣ አማረብዎ! ይማርዎ ጌታዬ። ጭብጨባውን ያብዛልዎ። ዕድሜና ጤና ይስጥዎ። አይበለውና የአልጋ ቀን ቢመጣብዎ ደግሞ፣ እግዜር ብቻዎን አይተውዎ፤ ልክ እንደ እርስዎ ያለ ወዳጅ አያሳጣዎ።»